ነጋዴ ተምሮ አይጨርስም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ንግድ ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ብቻ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነው። በቀድሞው ዘመን በጎንደር ምድር ሙስሊሞች በአብዛኛው ከርስት መሬት ስለተገለሉ ኑሯቸውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። ታዲያ ገበያው በየዘመኑ ሲለዋወጥ አንዱ ነጋዴ ጸንቶ ሲዘልቅ ሌላው የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ገበያው ስንት ጊዜ ተለወጠ?

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ ጭኖ ከምጽዋ እስከ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ይመላለስ ነበር። የይፋግ ገበያም መገናኛው ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ኋላ ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ሲያልፍ በቅሎው ለመኪና ቦታውን ለቀቀ።

በዘመናችንም ለውጡ አላቆመም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ገንዘቡን በሣጥን ያኖር የነበረ ነጋዴ በ3 ወር ውስጥ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአምናው መግዣ አስልቶ «አተረፍኩ» የሚል ባለሱቅ፣ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት ያቅተዋል።

የመጀመሪያው ትምህርት መጻፍ ነው

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው፤ በጊዜ ቀጠሮ የተበዳደሩ ሰዎች እንዲጽፉትና ምስክር እንዲያቆሙ ያዛል። በአካባቢያችን ገበሬው በክረምት ጨው፣ ዘይትና ሳሙና በዱቤ ወስዶ አዝመራው ሲገባ ይከፍላል። ይህ ሁሉ በአባት ጭንቅላት ብቻ ተይዞ አባት በድንገት ቢሞትስ? ወራሾች የሚጠይቁትን አያውቁም፤ የሟቹ ዕዳም ሳይከፈል ይቀራል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ለ9 ቀናት በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በነበረች ጊዜ ሱቆችና ቤቶች ተዘርፈዋል። ዕቃ ይዘረፋል። የተመዘገበ ሒሳብ፣ በባንክ ያለ ገንዘብና የደንበኛ አማና ግን እንደገና ለመነሣት መሠረት ይሆናሉ።

ዘካም ቢሆን ያለ ሒሳብ አይወጣም። ኒሷብ የደረሰ የንግድ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ በወቅቱ ዋጋ ተገምቶ ከ100 ብር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣበታል። ዕቃውን ቆጥሮ የማያውቅ ነጋዴ የድሆችን ድርሻ እንዴት ያውቃል? ስለዚህ የሱቁን ገንዘብ ከቤት ወጪ መለየት፣ ዱቤን በቀኑ መጻፍ፣ በየወሩም ዕቃን መቁጠር ይገባል።

ከማን እንማር?

ሰሓባው ዓብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መዲና ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብታቸውን ግማሽ ቢሰጧቸው በምስጋና መልሰው ገበያው የት እንዳለ ጠየቁ። ለእንግዳ ሀገር ገበያ ራሳቸውን ተማሪ አደረጉ፤ በአይብና በቅቤ ጀምረውም ከታላላቅ ነጋዴዎች አንዱ ሆኑ። ኸሊፋ ዑመርም (ረ.ዐ.) የዲኑን ሕግ ያልተረዳ ሰው በገበያቸው እንዳይሸጥ አዘዋል።

ዛሬም የሚማሩት አለ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በሀገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን ሙራበሓ ምን እንደሆነ፣ በሙሻረካ ትርፍና ኪሳራ እንዴት እንደሚከፈል ሳይረዱ መፈረም ተገቢ አይደለም። በዚያው ዓመት የመጣውን ቴሌብርንም ልጆች ከአባቶች ቀድመው ያውቁታል። አባት ከልጁ ስልኩን ቢማር አያፍርም፤ ልጅም ከአባቱ ሚዛን መጠበቅንና ቃል ማክበርን ይማር። አንዱ ያለ ሌላው ሱቁን አያቆመውም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እውቀታችንንም ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን።