የወረርሽኝ ዘመንና ነፍሰ ጡር ሴት በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ይኸውም በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ አገር፣ እርግዝናና ወሊድ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም። ድርስ የሆነች ሴት፣ ይልቁንም እርግዝናዋ የመጀመሪያ ከሆነ፣ ወደ እናቷ ቤት መሄዷ የቆየ ልማድ ነው። ምጥ ሲጀምራት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ወገቧን ይደግፋሉ፤ «ማርያም ማርያም» እያሉም ይለምኑላታል። ስትገላገል እልልታ ይሰማል፤ የተወለደው ወንድ ወይም ሴት መሆኑም በእልልታው ቍጥር ይታወቃል። ከዚያም ገንፎ ይገነፋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጠያቂ ይመጣል፤ አራሲቱም ብቻዋን አትተውም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ዘመድ አዝማድ ይጠራል። እንግዲህ የሥርዐቱ ሁሉ ምሰሶ መሰብሰብ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ የነካው ይህንኑ ምሰሶ ነበር። በሽታው በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጠ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ለ5 ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአንድ ስፍራ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና ለሰላምታ መጨባበጥ ተከለከለ። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ በሽታ ብትያዝ ሕመሙ ከሌላዋ ይልቅ ሊጠናባት ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ለእርሷም የሚበጅ ነበር። ነገር ግን ከበሽታ የሚጠብቃት ርቀት፣ ከምጥ አደጋ የሚጠብቃትን ሰው አብሮ የሚያርቅ ሆነ።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወላዲቱ ደም መብዛቱን ወይም ምጧ መርዘሙን አስቀድመው የሚያዩት በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ናቸው። መኪና በማይደርስበት ደጋ ወላዲቱ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰደው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛውን የሚያነሡት 4 ቢሆኑም፣ ዳገት ቍልቍለቱ ረጅም በመሆኑ የሚተኳቸው ሌሎች መከተል አለባቸው። ስለዚህ በአዋጁ የተወሰነው ቍጥር ቃሬዛውን ለማንሣት ቢበቃ እንኳ መንገዱን ለመጨረስ አይበቃም።

የጤና ተቋማትም የመሰብሰብን ኀይል ከወረርሽኙ በፊት ተረድተውት ነበር። ወሊድ በባለሙያ እጅ እንዲሆን በተደረገው ጥረት፣ በብዙ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ገንፎና ቡና እንዲዘጋጅ ተደርጎ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ጤና ጣቢያው ራሱ የበሽታ መገኛ ተደርጎ ተፈራ። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያ ወቅት እንኳ ወላዲት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ እናትና ሕፃንም ሳይለያዩ ጡት ማጥባት እንዲቀጥል መክሯል።

ወረርሽኝ ለአገሪቱ እንግዳ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመታው የኅዳር በሽታ በመላው ዓለም በነፍሰ ጡሮች ላይ እጅግ የከፋ ነበር። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያን የመታው ወባም፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ወባ የነፍሰ ጡርን ደም የሚያሳንስና የፅንሱን ክብደት የሚቀንስ በሽታ ስለሆነ፣ በቈላውና በወይና ደጋው ያሉ እናቶች ሸክም ድርብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ ልማድና ሕክምና እንደ ተቃራኒ መታየት የሌለባቸው መሆኑ ነው። ጠያቂው ሁሉ በአንድ ጊዜ መግባቱ፣ የክርስትናውም ድግስ ለጊዜው መቅረቱ ብዙ አይጎዳም፤ ገንፎውንም አንዲት ሴት ልታደርሰው ትችላለች። ነገር ግን በምጥ ሰዓት ወላዲቱ የመረጠቻት አንዲት ሴት ከአጠገቧ፣ ቃሬዛ የሚያነሡና የሚተኩ ጎረቤቶችም በቅርብ መኖር አለባቸው። ወደ ፊት ለወረርሽኝ ደንብ የሚያወጣ ሁሉ፣ የሰውን ቍጥር ከመወሰኑ በፊት በደጋው አንዲት ወላድ በሰላም እንድትገላገል ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሊጠይቅ ይገባዋል።