የካርቦን ናኖቱቦና የተሰወረው ስንጥቅ

ከመስታወት ክርና ከኤፖክሲ ሙጫ የተሠራ አካል፥ ለምሳሌ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ፥ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በክሮቹ መካከል ባለው ሙጫ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። እንግዲህ ክንፉ ሳይሰበር ጉዳቱን በምን እናውቃለን?

አንዱ መንገድ የካርቦን ናኖቱቦ ነው። ይህንንም ጃፓናዊው ሊቅ ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ለዓለም በሰፊው አስተዋውቀውታል። ቱቦው ከክሩ እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል።

መስታወትና ኤፖክሲ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ነገር ግን ከሙጫው ክብደት ከመቶ 1 እጅ ያነሰ ናኖቱቦ በሚገባ ቢበተንበት፥ ቱቦዎቹ ተቀራርበው እንደ መረብ ያለ የኤሌክትሪክ መንገድ ይሠራሉ። አካሉ ሲሳብ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም ይጨምራል። ሙጫው የተለጠጠ ብቻ ከሆነ፥ ጭነቱ ሲነሣ ተቃውሞው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከተሰነጠቀ ግን መንገዶቹ ይቆረጣሉ፤ ተቃውሞው በድንገት ከፍ ይላል፤ ጭነቱ ከተነሣም በኋላ ከጭማሪው ከፊሉ ይቀራል። ቶስተንሰንና ቹ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህን አሠራር በመስታወት ክር አካል ላይ አሳይተዋል።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፥ ሙቀትም ተቃውሞውን ስለሚለውጥ የሙቀቱ ድርሻ ተለይቶ መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፥ መረቡ የሚነግረን የመለጠጡን መጠን እንጂ ውጥረቱን ራሱን አይደለም፤ ውጥረቱ የሚገኘው የአካሉ ግትርነት ታውቆ በስሌት ነው።