አዲስ አበባ የማን ናት? ከየካ ኮረብታ የተገኘ ትምህርት

የካ ሚካኤል አካባቢ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ከክፍል ስንወጣ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ እኛ ሙስሊሞች ለአዲስ አበባ እንግዶች ነን እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የክፍል ጓደኛው በጨዋታ መሐል እንዲህ ብሎት ኖሯል። ነገሩ አሳሰበኝ። እንዲህ ያለች ቃል ልጅን በተወለደበት ሰፈር ባይተዋር ታደርገዋለችና። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱንም ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

ከላይ ሆነን ከተማይቱን ቁልቁል እያየን ታሪኳን አጫወትኳቸው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርዳም ተራራ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲቆረቁሩ ሥፍራው ባዶ አልነበረም፤ ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ከየማዕዘኑ ጎረፈ። ጉራጌው በንግድና በጉልበት ሥራ ተሰማራ፤ ዶርዜው ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማውን ዘረጋ። ከቤኒሻንጉል የመጡት ሼህ ሆጀሌ የሰፈሩበት አካባቢ ስማቸውን ይዞ ዛሬም «ሸጎሌ» ይባላል።

ከባሕር ማዶ የመጣውም ብዙ ነው። ህንዳውያን ግንበኞች በቤተ መንግሥቱ ሥራ ተሳትፈዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። የየመን ተወላጆችም በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ስለነበር «አረብ ሱቅ» የሚለው ስም ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲገዛ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት አስቦ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ዳሩ ግን የተገፋው ሕዝብ መርካቶን የሁሉም መገናኛ አደረጋት። እዚያው አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው አዛኑና ደወሉ በአንድ ሰፈር ይሰማሉ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚህችው ከተማ ነው።

ወላጆች ሆይ! ይህን ታሪክ ለልጆቻችን የምንነግርበት ጊዜ ዛሬ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። ቀድሞ አብሮ መኖርን የሚያስተምረው ጎረቤት ነበር፤ በዒድ እኛ ዘንድ፣ በፋሲካ እነርሱ ዘንድ እየተጠራራን አድገናል። ጎረቤት ሲበተን ትምህርቱ በእኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ቁልቁል ስንመለስ ያ ልጅ የባሕር ዛፉን ግንድ እየነካ «ይህስ ከየት መጣ?» አለኝ። «ከአውስትራሊያ» አልኩት። «በምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት አልቆ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ይህ ቶሎ አዳጊ ዛፍ ደርሶ ከተማይቱን ከመነቀል አዳናት።»

«እሱም እንግዳ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«ነበር» አልኩት። «ዛሬ ግን እንጦጦን ያለ እሱ ማን ያውቃታል?»

ያ ጓደኛው ይሰማ ነበር። መልስ አልሰጠም፤ ግን እስከ ሰፈር ድረስ ክንዱን በልጁ ትከሻ ላይ ጥሎ ወረደ።