መከራ ሁሉ የኃጢአት ፍሬ ነውን?

በጋሞ ደጋ በጨንቻና በዶርዜ፣ በቆላውም በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ፣ ዛሬም በአርባ ምንጭ በለቅሶ ቤት፣ በሐኪም ቤት ደጃፍና በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ደዌ በጸና ጊዜ፣ ዝናም በታጎለ ጊዜ፣ ወይም ዓሣ አጥማጁን አዞ ከጫሞ በነጠቀው ጊዜ፣ «ይህ በማን በደል መጣ?» የሚለው ነው። ጥያቄው የእግዚአብሔርን ፍርድ፣ የሰውን ነጻ ፈቃድና የጎረቤትን ክብር በአንድነት የሚነካ ስለ ሆነ፣ ምንጩንና ፍጻሜውን አስተውሎ መመርመር ይገባል።

የጋሞ አባቶች ለዚህ የሰጡት መልስ ጎሜ፣ ማለትም ሥርዓትን መተላለፍ፣ ነው። ሕዝብ በሚመክርበትና በሚፈርድበት አደባባይ በዱቡሻ ሐሰት የተናገረ፣ የተከበረውን ደን የመነጠረ፣ ወይም የሰው ደም ያፈሰሰ ሰው ሥርዓተ አበውን ተላልፏልና፣ ከዚህ የተነሣ የሚመጣው መቅሠፍት በእርሱ ብቻ ሳይወሰን በልጆቹ፣ በከብቱና በአገሩ ሁሉ ላይ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ መከራ ሲደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የተሰወረውን በደል ይመረምራሉ፤ በዳዩም በአደባባይ ተናዝዞ፣ የበደለውን ክሶ፣ ከባላጋራው ጋር ይታረቃል። የዚህ እምነት ኃይል በመላው ኢትዮጵያ የታወቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር፤ በቡራዩ ከተማ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ ተቈጥተው ለበቀል የወጡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው በለመኗቸው ጊዜ፣ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ጎሜ መሆኑን የሚያውቁት ወጣቶች ቁጣቸውን ገትተው ተመለሱ።

ይሁን እንጂ በዚያው ምድር ሌላ ትምህርትም አለ። ጥንታዊቱ የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደምትመሰክረው ክርስትና በጋሞ ሥር የሰደደው ከረጅም ዘመን በፊት ነው፤ ከ1920 ዓ.ም. ወዲህም በወላይታ የተጀመረው የወንጌላውያን ስብከት ወደ ጋሞ ተሻግሮ ብዙ ምእመናን አፍርቷል። ካህኑም ሰባኪውም የሚያነቡት ቅዱስ መጽሐፍ ግን ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ አንድ ወጥ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚደርስ ሲነገር፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ያስተምራል። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ጻድቁን ኢዮብን «ሳትበድል እንዲህ ያለ መከራ አያገኝህም» በሚል መንፈስ በተከራከሩት ጊዜ፣ በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በወዳጆቹ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አልነበረም። ጌታም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው በራሱ ወይም በወላጆቹ ኃጢአት እንዳልታወረ ተናግሯል።

ይህ ትምህርት ለጋሞና ለወላይታ ደጋ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት መመልከት ይበቃል። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው እንደ ተረገመ ተቈጥሮ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለል ነበር፤ ደዌው በአንዳንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መደጋገሙም የአባቶች በደል ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ የሠሩት ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ባደረጉት ምርምር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ገብቶ ሕመሙን እንደሚያመጣ አስረዱ። በኋላ የተደረገው ጥናት ደግሞ በቤተ ዘመድ የሚደጋገመው በዘር በሚወረስ ተጋላጭነት ምክንያት መሆኑን አሳየ። ጫማና የእግር ንጽሕና ሊከላከሉት የሚችሉት ሕመም ነበርና፣ ስንቱ ንጹሕ ሰው በኃጢአተኛነት ተፈርዶበት በኀፍረት ኖሮ አለፈ!

እንግዲህ ጎሜን በጅምላ አጉል እምነት ነው ብሎ መናቅ በቡራዩ ኀዘን ማግስት የተደረገውን ታላቅ ሥራ መካድ ይሆናል፤ መከራን ሁሉ የበደል ማስረጃ አድርጎ መቀበልም የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት መድገም ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ጠያቂው ማንን እንደሚመረምር በማየት ነው። ሰው የራሱን ኅሊና ሲመረምር፣ ሕዝብም በአደባባይ ስለ ራሱ ግፍ ሲጠያየቅ፣ ጥያቄው ወደ ንስሐና ወደ ዕርቅ ይመራል፤ ጤነኛው በታመመው ላይ፣ የጠገበውም በተራበው ላይ ሲያነሣው ግን በሐዘን ላይ ፍርድ ይጨምራል። በአንዳንድ መድረክ «የታመምኸው እምነት ስለ ጎደለህ ነው» የሚለው የዘመናችን ስብከትም ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ነው። ጌታ ዕውሩን በተመለከተ ጊዜ የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ በአጭሩ መልሶ ወዲያው ወደ ፈውሱ ሥራ አለፈ፤ ካህኑ፣ ሰባኪውና ሽማግሌውም ለታመመ ሰው የሚገባቸው ይኸው ነውና፣ በደሉን ከመጠየቃቸው በፊት ሐኪም ዘንድ ያድርሱት፣ ከማኅበሩም እንዳይገለል ይጠብቁት።