ቱርቦ ከመግጠም በፊት
ቱርቦ ማለት ከሞተር በሚወጣ ጢስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሲሊንደር አየር የሚያጭቅ መሣሪያ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ለሥራ የምንነዳውን መኪና በቤታችን ልንገጥምለት ስናስብ ዕቅድ ከመፍቻ ይቅደም።

አንደኛ፤ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ የደከመ ሞተር ይህን ሸክም አይችልምና።

ሁለተኛ፤ አየር ሲጨምር ቤንዚንም በልኩ ካልጨመረ ሙቀቱ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ሦስተኛ፤ የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ስለሚችል ንጹሕ ዘይት የሚያመላልስ ቧንቧ ይዘጋጅለት።

አራተኛ፤ ዕቃው ሁሉ ሳይሟላ አንድም ብሎን አይፈታ፤ ሰኞ ጧት መኪናው ይፈለጋልና።

ግፊቱም በጥቂቱ ይጀመር። ጉልበት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ልክን ይወቅ።