ታንኳ መሥራት ለሚሻ ሰው



በዘንድሮው ክብረ በዓል ከመጡት እንግዶች አንዱ ከሪያድ የተመለሰ ወጣት ነበር። የሪያድ ስም በዓረብኛ «የአትክልት ስፍራዎች» ማለት ቢሆንም፣ ከተማዪቱ ከባሕር ርቃ በደረቅ ምድር መካከል የተቀመጠች ናት። ወጣቱ ጣናን ሲሻገር ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ አይቶ፣ «አባታችን፣ እኔም ይህን መሥራት መማር እችላለሁን? ከምንስ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀን። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋልና፣ በአገሩ እንጀራውን የሚሻ ሰው ጥያቄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚህ በችኰላ አልመለስንለትም፤ ከባሕር ዳር አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ ይዘነው ሄድን።

አዛውንቱም፣ «ደንገል ማጨድ ታውቃለህ?» አሉት። «አላውቅም» አለ። «እንግዲያው መጀመሪያህ እርሱ ነው» ብለው ማጭድ ሰጡት።

የሙያው ሥርዓት እንዲህ ነው። የበሰለው ደንገል ሥሩ ሳይነቀል ይታጨዳል፤ ሥሩ ከተረፈ መልሶ ያቆጠቁጣልና። ከዚያም በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ደንገል ውስጡ አየር ያዘለ ስለሆነ ይንሳፈፋል። በነዶ በነዶ ታስሮም ነዶው ከነዶው ጋር ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ ሸክሙ ከውኃ ከፍ እንዲል በውስጡ ሌላ ደንገል ይነጠፋል። ምስማር አይገባበትም፤ ጥንካሬው ሁሉ በእስሩ ላይ ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። ስለዚህ ሠሪው ሲሠራ ይኖራል እንጂ «ጨረስሁ» አይልም።

ሙያው ጥንታዊ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ሲናገር የደንገል መርከብን ያነሣል፤ ሕፃኑ ሙሴም በደንገል ሣጥን ከሞት ተርፏል። በቅርቡ ዘመንም ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. «ራ» በተባለ የደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገር ሲነሣ፣ ደንገሉ ከጣና ነበር የተወሰደው። የተማረ ሰው ሳለ በጥንት ሥዕል ብቻ አልተመራም፤ ከአባቶቻቸው የተማሩ ሠሪዎችን ከቻድ ሐይቅ አስመጣ። ያ ጉዞ ሳይፈጸም ቢቀርም፣ በ1970 የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የሠሩት ሁለተኛው «ራ» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ይህ ሙያ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚተላለፍ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በጣና ይህን እጅ ጠብቀው ያቆዩልን ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ወገኖቻችን ናቸው። አብዛኞቹ በእምነታቸው ሙስሊሞች ናቸው። የገዳማቱ እህልና ማገዶ፣ መነኰሳቱም ራሳቸው፣ በታንኳ ሲሻገሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ አብሯቸው ከመብላት የተጸየፈ፣ በንቀት ቃል የጠራቸው ብዙ ነው። እኛም በወጣትነታችን በታንኳቸው ተሻግረን ሰላምታ የነፈግንበት ቀን እንደነበረ በኀፍረት እናስታውሳለን። ስለዚህ ለወጣቱ፣ «ልጃችን፣ የዚህ ሙያ በር መምህሩን ማክበር ነው፤ ከማጭዱ በፊት ይህን ያዝ» አልነው።

ችግሩንም አልሸሸግነውም። የደንገሉ ስፍራ ለእርሻና ለግጦሽ እየተወሰደ፣ እምቦጭም ሐይቁን እየወረረ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ደንገሉን የሚጠብቀው በየዕለቱ የሚያጭደው ሰው ጥንቃቄ ነው። ታንኳ መሥራት ብቻውን ቤት ላያቆም ይችላል፤ ከዓሣ ማጥመድ ጋር ይያዛል፤ ለጐብኚ የሚሸጥ ትንንሽ ታንኳም ይሠራበታል።

በሳምንቱ ተመልሰን ስንሄድ ወጣቱ የመጀመሪያ ነዶውን አስሮ አገኘነው። አዛውንቱ በእጃቸው ዳስሰው፣ ምንም ሳይናገሩ ፈቱትና መልሰው ሰጡት። እርሱም ዝቅ ብሎ እንደገና ማሰር ጀመረ።

እናንተም ተሳላሚዎች፣ በሞተር ጀልባ ስትሻገሩ ባለ ታንኳውን ብታዩ ሰላምታ አትንፈጉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።