የአይሮፕላን ነጂ ደመወዝ ከመቼ ጀምሮ ይቈጠራል?

የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳይ ቢመጣም ባይመጣም ወሩ ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል። በአሜሪካ አገር ትንንሽ ከተሞችን ከታላላቆቹ ጋር የሚያገናኙት የአውራጃ አየር መንገዶች ግን ለነጂዎቻቸው የሚከፍሉት በበረራ ሰዓት ነው። ሰዓቱም መቈጠር የሚጀምረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ነው፤ ስለዚህ ጭጋግ እስኪገፈፍ የሚጠበቀው ጊዜ፣ ከመጠነኛ የቀለብ አበል በቀር፣ በአብዛኛው ዋጋ የለውም። በየወሩ 75 ሰዓት ያህል የማይጓደል ክፍያ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሰዓቱ ዋጋ ዝቅተኛ በነበረበት ዘመን ይህ ለጀማሪው ከኑሮ አያደርስም ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ከእነዚህ አይሮፕላኖች አንዱ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰዎች አለቁ። ረዳት ነጂዋ ከሲያትል ተነሥታ፣ ሌሊቱን በጭነት አይሮፕላን ተሳፍራ፣ አገር አቋርጣ ለሥራዋ የደረሰች ነበረች። መርማሪዎች ለአደጋው ምክንያት የሆነው የካፒቴኑ የተሳሳተ አነዳድ መሆኑን ቢወስኑም፣ ድካም ሁለቱንም ሳይጎዳ እንዳልቀረ ጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ታዘዘ፤ ለአዲስ ረዳት ነጂም በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ግድ ሆነ። ነጂ ሲታጣም ክፍያው ወጣ፤ በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካን አየር መንገድ ሦስት ቅርንጫፎች የአዲሱን ረዳት ነጂ ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። ለሚፈርም ሰው ጉርሻ የሚሰጡም አሉ፤ ዳሩ ግን ውሉን ሳይፈጽም የሚለቅ ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል ሲኖርበት፣ ስሙ ብድር ቢባል ይሻላል። የሰዓቱ አቈጣጠር ግን አልተለወጠም።